አንድ ገበያ፣ ሁለት የሥራ ሕግ፦ አሠሪና ሠራተኛ በጎልቦና በሞያሌ

ዲሴምበር 6 ቀን 1907 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ውል የጎልቦን ሜዳ ከቦረና ከፍተኛ ምድር ለይቶ በእንግሊዞች ወገን አኖረው። ውሉን ያረቀቁት ሰዎች ግን ከብት ካርታ እንደማያነብ አልጠፋቸውም። ስለዚህ በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በማዶ ባለው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ በቅርባቸው ወዳለው የውኃ ጉድጓድም ያለ ከልካይ እንዲደርሱ ፈቀዱ። ፈቃዱን ተከትሎ ግን አንድ ገደብ መጣ፤ ወሰን የተሻገረ ሰው በተሻገረበት ምድር ባለሥልጣን ሥር ይተዳደራል ተባለ።

ገደቡ የተጻፈው ለከብት ጠባቂ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በሞያሌ ኑሮውን የመሠረተ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የሚመራበት ደንብ ሆኖ ቀርቷል። ጠዋት ከኢትዮጵያው ሞያሌ ወጥቶ በኬንያው ሞያሌ ጆንያ ሲያወርድ የሚውል ጫኝና አውራጅ፣ ከጎልቦ ተነሥታ በሰሜኑ ወገን ምግብ ቤት የምታስተናግድ ወጣት፣ ሁለቱም የሚዳኙት በተወለዱበት አገር ሕግ ሳይሆን ላባቸውን ባፈሰሱበት አገር ሕግ ነው። ሁለቱ ሕጎች ደግሞ አንድ አይደሉም። የአሠሪንና የሠራተኛን መብት የሚመዝኑበት ሚዛን ይለያያል፤ ልዩነቱም ከየአገሩ ታሪክ የመጣ ነው።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ በዚህ ጽሑፍ ዓመታት የተጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ብቻ በነጋሪት ጋዜጣ እንደሚታወቁበት በአገሩ ዘመን ተቀምጧል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ያወጣቸው ቃላት ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። «ደመወዝ» ደምና ወዝ ተጣምረው የወለዱት ቃል ነው፤ ለሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ የአካሉ ዋጋ መሆኑን ስሙ ይመሰክራል። «ሠራተኛ»ና «አሠሪ» የሚባሉት ደግሞ ከአንድ ግሥ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያሠራል። በቋንቋው ውስጥ አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም። በሙሴ ሕግ የሙያተኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር መታዘዙ፣ በእስልምና ትውፊትም የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ይከፈለው መባሉ በሞያሌ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም የታወቀ ነው። ሃይማኖቱና ቋንቋው እንዲህ ቢሉም በሁለቱም ወገን ያለው የመንግሥት ሕግ ለረጅም ጊዜ የቆመው ለአሠሪው ብቻ ነበር።

በሰሜኑ ወገን የዘመናዊ ቅጥር ቀዳሚ የነበረው ቅጥር ያልሆነ ሥራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የገባር ሥርዓት ገበሬውንና አርብቶ አደሩን ለሰፋሪው ወታደርና ለሹሙ እህል እንዲሰጥ፣ እንጨት እንዲሸከም፣ ውኃ እንዲቀዳ፣ አጥር እንዲያጥር ያስገድደው ነበር። ውል የለም፤ ደመወዝም የለም፤ ሥራውን ለቅቆ መሄድ ማለት አገር ለቅቆ መሄድ ነበር። ብዙዎችም እንዲሁ አደረጉ፤ ከቦረናም ከቡርጂም ወሰኑን ተሻግረው ወደ እንግሊዞች ግዛት የገቡ አሉ። ዛሬ በሞያሌና በማርሳቢት በእርሻና በንግድ የሚታወቁት የቡርጂ ቤተሰቦች ታሪክ ከዚያ ዘመን ፍልሰት ጋር የተሳሰረ ነው። እዚህ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን ማስታወስ ይገባል። አዋጁ የሠራተኛን ክብር በመንግሥት ቃል ያነሣ ነበር፤ ስለ ዋጋውና ስለ ሰዓቱ ግን ያለው ነገር አልነበረም።

ከገባርነት ሸሽቶ ወደ ደቡብ የተሻገረው ሰው የገባበት አገርም ለሠራተኛ የሚራራ አልነበረም። በ1906 የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት የጌታና የአገልጋይ ሕግ ከደቡብ አፍሪካው ትራንስቫል የተቀዳ ሲሆን፣ ሥራውን ያለ ፈቃድ ጥሎ የሄደን ሠራተኛ እንደ ወንጀለኛ ቆጥሮ በገንዘብ ወይም በእስራት ይቀጣ ነበር። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ «ኪፓንዴ» መጣ። አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ስሙ፣ የጣት አሻራው፣ የአሠሪው ማንነትና የደመወዙ ልክ የተጻፈበትን ወረቀት በብረት ማኅደር ከትቶ በአንገቱ እንዲያንጠለጥል ተገደደ። አሠሪው የመልቀቂያውን ቦታ ካልፈረመለት ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም። ይህን የተቃወመው ሐሪ ቱኩ በማርች 1922 ሲታሰር ናይሮቢ ላይ ሊያስፈቱት በተሰበሰቡት ሰዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ።

እንግዲህ በሁለቱም ወገን መነሻው ተመሳሳይ ነው። በአንዱ ልማድ፣ በሌላው የታተመ ሕግ፣ ሠራተኛው እንዳይሄድ ይጠብቁት ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁልፉ ጥያቄ ደመወዝ ስንት ይሁን የሚለው አልነበረም። ሥራ የማቋረጥ መብት የማን ነው? የሚለው ነበር። የኋላው ዘመን ሕግ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ተደርጎ ሊነበብ ይችላል።

በኬንያ መልሱ የተገኘው በወደቡና በከተማው ነው። ከፑንጃብ የመጣው ማክሃን ሲንግ ከ1935 ጀምሮ የዘር ወሰን የማያውቅ የሠራተኛ ማኅበር አደራጀ። በጃንዋሪ 1947 የሞምባሳ ሠራተኞች ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መትተው ወደቡና ባቡሩ ለቀናት ቆመ፤ መንግሥትም መሪውን ቼጌ ኪባቺያን ወደ ሩቅ አውራጃ ቢያግዘውም ጉዳዩን የሚመረምር ችሎት አቁሞ ጭማሪ ለመፍቀድ ተገደደ። በሜይ 1950 ማክሃን ሲንግና ፍሬድ ኩባይ ሲታሰሩ ናይሮቢ በአድማ ተናወጠች። ማክሃን ሲንግ ከዚያ በኋላ እስከ 1961 ድረስ በሎኪታውንግ፣ በማራላልና በዶልዶል በግዞት ኖረ። ለናይሮቢ ገዥዎች የኬንያ ሰሜን የሠራተኛ መሪ የሚጣልበት በረሃ ነበር። የሠራተኛ መብት የሚደርስበት ምድር ነው ብሎ ያሰበ የነበረ አይመስልም።

በኢትዮጵያ ደግሞ መልሱ የመጣው ከባቡሩና ከሸንኮራው ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ የመጀመሪያውን ሰፊ የደመወዝተኛ ማኅበረሰብ ፈጠረ። በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም፣ በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እጅ ሆኖ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ብዙ ሰዎችን በአገዳ ማሳው ላይ ሰበሰበ። የሠራተኛ ማኅበር የሚያቋቁም ሕግ ስላልነበረ ሰዎቹ የሚያውቁትን መልክ ያዙ፤ እድርና መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። ሕግ የቀብር ማኅበርን አይከለክልም፤ ለቀብር የተሰበሰበ ሰው ስለ ደመወዝ ማውራቱ ደግሞ አይቀርም። የኢትዮጵያ የሠራተኛ እንቅስቃሴ በአገሩ ልማድ ጉያ ማደጉ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ከሚገባው በታች የተነገረለት ጉዳይ ነው።

በወረቀት ላይ የነበረው ጥቂት ነው። በ1944 የወጣ የፋብሪካዎች አዋጅ ነበር። የ1955ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ሥራ እንዲሰማራ፣ ለዚህም በሕግ መሠረት ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቀደ። በፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት የተዘጋጀው የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን ከሌሎች ውሎች ጋር አስቀመጠው። ይህ ሕግ አሠሪንና ሠራተኛን እንደ ሻጭና ገዢ እኩል ተዋዋዮች አድርጎ ይመለከታል። ወንጂ ላይ አገዳ ቆራጭና የሆላንድ ኩባንያ እኩል ተዋዋይ ናቸው ማለት ግን በሕግ ሊቅ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚያምር ሐሳብ ነበር።

ከዚያም አንድ ልብ የሚል ሰው የማያልፈው ግጥምጥሞሽ መጣ። በሴፕቴምበር 1962 የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነትን የሚወስን ድንጋጌ ቁጥር 49ን አወጣ። በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1962፣ ናይሮቢ ላይ ቶም ምቦያ የሥራ ሚኒስትር ሆኖ መንግሥት፣ የአሠሪዎች ፌዴሬሽንና የሠራተኞች ፌዴሬሽን የኢንዱስትሪ ግንኙነት ቻርተር ፈረሙ። አንዱ ከዙፋን የወረደ ነው፤ ሌላው ሦስት ወገኖች ተቀምጠው የተስማሙበት ነው። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አልነበረም፤ የኬንያ ሥርዓት እስከ ዛሬ በድርድርና በዳኝነት ሲያምን፣ የኢትዮጵያው በአዋጅና በሚኒስቴር መመሪያ ማመኑ ከዚያ የጀመረ ይመስላል።

የኢትዮጵያው ድንጋጌ በዓመቱ አዋጅ ቁጥር 210/1956 ሆነ። የሠራተኛ ማኅበርን ሕጋዊ አደረገ፣ የኅብረት ስምምነትን አወቀ፣ ክርክር የሚሰማ ቦርድም አቋቋመ። አገሪቱ በዚያው በ1963 የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች አጸደቀች። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ማለትም ኢሠአማ፣ በዚሁ ዓመት ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አበራ ገሙ የመጣው ከወንጂ ነበር። አዋጁ ግን ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ይጠይቅ ነበር። 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት በዚያ ዘመን በሞያሌ ከየት ይገኛል? የሱቅ ተቀጣሪው፣ የምግብ ቤት አስተናጋጁና የግመል ነጂው ሁሉ በዚህ አንድ ቁጥር ከሕጉ ጥላ ውጭ ቀሩ።

ከወሰኑ በስተደቡብም ነገሩ የተሻለ አልነበረም። ኬንያ በዲሴምበር 1963 ነፃ ስትወጣ በሰሜኑ ግዛት ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ የሺፍታ ጦርነት የሚባለው ግጭት እስከ 1967 ዘለቀ፤ ልዩ ሕጎቹ የተሻሩት ግን በ1991 ነው። ሰው ከወረዳ ወደ ወረዳ ለመዘዋወር ፈቃድ በሚጠየቅበት ምድር የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ ወይም የሥራ ተቆጣጣሪ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። በ1965 የተቋቋመው የሠራተኛ ማኅበራት ማዕከላዊ ድርጅት ኮቱም ሆነ የ1976ቱ የቅጥር ሕግ ለጎልቦ ሰው በራዲዮ የሚሰሙ ነገሮች ነበሩ።

የ1974ቱ አብዮት በኢትዮጵያ ሲፈነዳ ኢሠአማ በማርች ወር ለአራት ቀናት ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አድርጎ የእንዳልካቸው መኰንንን መንግሥት አስገበረ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ነበር፤ ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝ። ደርግ በመጀመሪያ የሠራተኛው ወዳጅ መስሎ ታየ። ነገር ግን በሴፕቴምበር 1975 ወረቀት የበተኑ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ኢሠአማ ተዘጋ፤ በዲሴምበር አዋጅ ቁጥር 64/1968 ወጣ፤ በ1977 መጀመሪያም መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። ዋና ዋናዎቹ ድርጅቶች ስለተወረሱ አሠሪው ራሱ መንግሥት ሆነ። ሠራተኛን ማሰናበት ከባድ ሆነ፤ መቃወም ደግሞ ከዚያ የባሰ ከበደ። የሚዛኑ ሁለት ጎኖች በአንድ እጅ ሲያዙ ሚዛን መባሉ ራሱ ያጠራጥራል። ያም ሆኖ ያው መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1991 መጀመሪያ፣ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ማሰናበትን የሚከለክለውን 158ኛውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ማጽደቁ ከታሪክ ምፀቶች አንዱ ነው።

አዋጅ ቁጥር 42/1985 የገበያውን ዘመን ከፈተ። «የኢንዱስትሪ ሰላም» የሚለው ሐረግ የሕጉ መንፈስ ሆነ። ሕጉ አሠሪው በበቂ ምክንያት እንዲያሰናብት፣ ሠራተኛውም በማስጠንቀቂያ እንዲለቅ አደረገ። አዲሱ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮ በ1993 ቢመሠረትም መሪዎቹ የመንግሥቱን የኢኮኖሚ ማሻሻያ ስለተቹ በዓመቱ ገደማ ታገደ፤ እንደገና የተደራጀው በ1997 ነው። ተከታዩ አዋጅ 377/1996 ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገውን ቁጥር ወደ 10 አወረደ፤ ከ10 ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩም ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ከ50 ወደ 10 ለመውረድ 40 ዓመት ፈጀ። ለሞያሌ ግን ከብዙ ትላልቅ አንቀጾች ይልቅ ይህች ትንሽ ቁጥር ትበልጣለች፤ ጫኝና አውራጆች ወይም የሱቅ ሠራተኞች በስም ሊደራጁ የሚችሉት በእርሷ ነውና።

ኬንያ በበኩሏ በ2007 አምስት የሥራ ሕጎችን በአንድ ጊዜ አወጣች፤ የቅጥር ሕጉ ከጁን 2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የ2010 ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ ፍትሐዊ የሥራ አያያዝን የማንኛውም ሰው መብት አደረገው። የኢትዮጵያ የ1995 ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጽ ከ15 ዓመት በፊት ተመሳሳይ መብት ደንግጎ ነበር፤ በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝርዝሩን አደሰ። እነዚህ ሁለት ሕጎች ሞያሌ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚታየው ነገር አስገራሚ ነው።

ከውሉ እንጀምር። በኢትዮጵያው አዋጅ የሥራ ውል ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ የሙከራው ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በኬንያ ግን «የቀን ሠራተኛ» የሚባል ሕጋዊ ደረጃ አለ፤ ከዕለት ወደ ዕለት የሚከፈለው ሰው ሥራው ያለማቋረጥ አንድ ወር ሲሞላ፣ ወይም በድምሩ ከሦስት ወር የማያንስ ሥራ ሲሆን፣ ወደ ወር ደመወዝተኛነት ይለወጣል። በጭነት መኪና ማራገፊያ ለዓመታት «ቀን ሠራተኛ» ተብሎ የኖረ ሰው በሁለቱም ወገን ከስሙ የሚበልጥ መብት አለው ማለት ነው፤ በየትኛው ወገን እንደሚበልጥ ግን የሥራውን ጊዜ ቆጥሮ እንጂ በደፈናው መናገር አይቻልም።

የዓመት ዕረፍት በኬንያ 21 የሥራ ቀን፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያው ዓመት 16 ነው። ወሊድ በኢትዮጵያ 120 ቀን፣ በኬንያ ሦስት ወር ነው፤ አባት በኬንያ ሁለት ሳምንት፣ በኢትዮጵያ ሦስት ቀን ያገኛል። ለታመመ ሠራተኛ የኢትዮጵያው ሕግ የበለጠ ቸር ነው፤ አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለት ወር በግማሽ፣ ሦስት ወር ደግሞ ያለ ክፍያ ሥራው ይጠበቅለታል። የኬንያው ሕግ ዝቅተኛ ግዴታ 7 ቀን በሙሉ፣ 7 ቀን በግማሽ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ለያዘው ጫኝ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ዋናው ግን ስንብቱ ነው። በኬንያ ሕግ አሠሪው ሠራተኛውን በጥፋት ከማሰናበቱ በፊት ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ ሊነግረውና መልሱን ሊሰማው ይገባል፤ ሠራተኛውም የሥራ ባልደረባውን ወይም የማኅበር ተወካዩን ይዞ የመቅረብ መብት አለው። ጥፋቱ እውነት ቢሆንም ይህ ሥርዓት ካልተፈጸመ ስንብቱ ኢፍትሐዊ ይባላል፤ ካሳውም እስከ 12 ወር ደመወዝ ሊደርስ ይችላል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ያለው ድርጅት እንደታያቸው ግልጽ ነው። አንድ ተቀጣሪ ብቻ ያለው ባለ ሱቅ ገንዘብ ሲጎድልበት «ባልደረባህን ይዘህ ቅረብ» የሚለው ለማን ነው? እንዲህ ያለው አሠሪ ብዙ ጊዜ ከሠራተኛው ብዙም የማይሻል ድሀ ነው፤ ሲናደድ «ውጣ!» ይላል፤ በዚያች አንዲት ቃልም የዓመት ትርፉን ሊያጣ ይችላል። የሠራተኛ ጠበቆች ይህን አይወዱትም እንጂ፣ የሕጉ ሸክም በትንሹ አሠሪ ላይ ከትልቁ ይልቅ ይከብዳል።

የኢትዮጵያው አዋጅ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ቆጥሮ ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ይሰናበታል። አሠሪው የስንብቱን ምክንያት በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልወሰነም መብቱ ይቀርበታል። ሕገ ወጥ ስንብት ሲሆንና ሠራተኛው ወደ ሥራው ካልተመለሰ ካሳው እስከ 180 ቀን ደመወዝ ነው፤ ከኬንያው ግማሽ መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ያለ ማስጠንቀቂያ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ የሚጠየቀው ከ30 ቀን ደመወዝ ላልበለጠ ካሳ ነው። በ1906ቱ ሕግ እስር ቤት ያስገባ የነበረ ድርጊት ወደ ጥቂት ገንዘብ መለወጡ የመቶ ዓመት ትግል ውጤት ነው።

ደመወዝን በተመለከተ ኬንያ በሚኒስትሩ ትእዛዝ የሚወጣ ዝቅተኛ ወለል አላት፤ ወለሉ እንደ ሥራውና እንደ ቦታው ይለያያል፤ ከፍተኛው እርከን ለናይሮቢና ለሞምባሳ ዓይነት ከተሞች ነው፤ ሩቅ ቦታዎች ዝቅተኛውን ይወስዳሉ። የሸቀጥ ዋጋ ግን ከናይሮቢ በራቁ ቁጥር እንደሚወርድ ማንም የሞያሌ ነጋዴ አይመሰክርም። በኢትዮጵያ የ1974ቱ አድማ የጠየቀው ወለል ለግሉ ዘርፍ ሳይወሰን 45 ዓመት አልፎ፣ የ2019ኙ አዋጅ ወለሉን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አዘዘ።

የጎልቦ ነገር ሲነሣ እረኛውን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በኬንያ የእርሻ ዘርፍ የደመወዝ ትእዛዝ ውስጥ ከብት ጠባቂ በስሙ ተጠቅሶ ዝቅተኛ ደመወዝ ተቆርጦለታል። ሕጉ ደመወዝ በገንዘብ እንዲከፈል ያዛል። በሜዳው ላይ ያለው ልማድ ግን ሌላ ነው፤ የሰው ከብት የሚጠብቅ ልጅ ወተት ይጠጣል፣ ልብስ ይለብሳል፣ በዓመቱ ጊደር ወይም ጥጃ ይሰጠዋል። ይህን በጭፍን በዝባዥነት መፈረጅ ስሕተት ነው፤ ጊደሯ ወልዳ የራሱን መንጋ ልትመሠርትለት ትችላለችና፣ የወር ደመወዝ ያንን አያደርግም። ነገር ግን ድርቅ ሲመጣ ጊደሯም ውሉም አብረው ይሞታሉ። የኢትዮጵያው አዋጅ መካከለኛ መንገድ መርጧል፤ ደመወዝ በዓይነት መክፈልን በስምምነት ይፈቅዳል፣ ከጥሬ ገንዘቡ 30 በመቶ እንዳይበልጥ ግን ይገድበዋል።

የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ የሁለቱን ሕጎች ልዩነት በጉልህ ታሳያለች። የኢትዮጵያ የሥራ አዋጆች ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰናቸው አውጥተው የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብለው አለፉ፤ ለዚህች ሴት የቀሩላት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ያሉ ጥቂት የቆዩ አንቀጾች ናቸው። የኬንያ የቅጥር ሕግ ግን ከወሰኑ ያስወጣቸው የጦር ሠራዊቱን፣ ፖሊስን፣ የወህኒ ቤት አገልግሎትን፣ የወጣቶች ብሔራዊ አገልግሎትንና ጥገኞቹን ብቻ የሚያሠራ ቤተሰብን ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ወገን ተሻግራ በኬንያው ሞያሌ ሰው ቤት እንጀራ የምትጋግር ወጣት፣ በተወለደችበት አገር የሌላትን የዓመት ዕረፍትና የመሰማት መብት መስመሩን ስትረግጥ ታገኛለች፤ የሥራ ፈቃድ የላትም እንጂ። መሻገር መፈቀዱ ለመቀጠር መፈቀድ አይደለምና፣ ወደ ሕግ ብትሄድ መጀመሪያ የምትፈራው አሠሪዋን ሳይሆን የኢሚግሬሽን መኮንኑን ነው። «የዘመድ ልጅ ናት» የሚለው ቃልም አለ። በሞያሌ ስንት ተቀጣሪ በዚህ ቃል ተሸፍኖ እንደሚኖር የከተማው ሰው ያውቃል።

በማርች 2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ 10,000 ገደማ ሰዎች ወደ ኬንያ ሸሽተው በዳምባላ ፈቻናና በአካባቢው ሰፈሩ። እንዲህ ያለ ሰው ዕለቱን የሚያድርበትን ፍለጋ ሲወጣ ስለ ደመወዝ ወለል አይደራደርም፤ በእርሱ መምጣትም ቀድሞ የነበረው ቀን ሠራተኛ የመደራደር አቅሙ ይቀንሳል። የሁለቱም ሕጎች አርቃቂዎች በአንድ ሌሊት ሺህ ሠራተኛ የሚጨመርበትን ገበያ አላሰቡትም።

ዲሴምበር 9 ቀን 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ፍተሻ ጣቢያውን መረቁ። የጭነት መኪና በሁለቱም አገሮች ሹማምንት በአንድ ቦታ ተፈትሾ እንዲያልፍ ታሰበ። የሥራ አቤቱታ እንዲህ ያለ የጋራ መስኮት አልተከፈተለትም። በኬንያ በኩል ከ2018 ወዲህ ወርኃዊ ጠቅላላ ክፍያቸው ከ80,000 ሽልንግ ያልበለጠ ሠራተኞች ወደ ልዩው የሥራ ፍርድ ቤት ሳይጓዙ በተሰየሙ የማጅስትሬት ችሎቶች ሊከራከሩ መቻላቸው ትልቅ ማቃለያ ነው። በኢትዮጵያ ወገን ከተማዋን የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ሁለቱም የሚያስተዳድሯት በመሆናቸው ሠራተኛው ክሱን ከማሰማቱ በፊት የትኛው ደጃፍ የእርሱ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ጊዜውም እዚያ እያለ ይሄዳል። ከሥራ የተሰናበተ ሰው በኬንያ ሕግ ክስ ለመመሥረት ሦስት ዓመት አለው። በኢትዮጵያው አዋጅ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚጠይቅበት ደግሞ ስድስት ወር። በመስከረም መጀመሪያ በሰሜኑ መጋዘን የተባረረ ጫኝ አሠሪው ይጠራኛል እያለ በዓሉን አሳልፎ ዝናቡን ጠብቆ ቢቆይ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ወደ ሥራው የመመለስ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፤ ጥቂት መቶ እርምጃ በስተደቡብ በዚያው ቀን የተባረረ ወንድሙ ግን ገና ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይቀረዋል።